ተንገዳገደ፤ ከዚያስ?

በእኛ አገር በጎጃም አንድ ሰው ወሬውን «ተንገዳገደ» ብሎ ቢያቆም አድማጩ «ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። «ወደቀ» ቢል ኖሮ ወሬው አልቋል፤ «ቆመ» ቢልም እንዲሁ። «ተንገዳገደ» ግን ነገሩን ሳይቋጭ የሚተው ግስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ግስ ያስከትላል። «ተንገዳግዶ ወደቀ»፣ «ተንገዳግዶ ቆመ»፣ «እየተንገዳገደ ቤቱ ደረሰ» እንላለን። አማርኛ ሳስተምር የዚህን ግስ ፍቺ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ለመውደቅ መቃረብ» ወይም «ሰክሮ መሄድ» የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ሆኖም ሁለቱም የግሱን ግማሽ ይዘው ግማሹን ይጥላሉ፤ የሚጥሉትም ግማሽ የተሻለው ግማሽ ነው።

እኔ የምሰጠው ፍቺ ይህ ነው። የቆመ ወይም የሚሄድ አካል ሚዛኑን ስቶ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ እንዳይወድቅ ብሎ ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል፤ ሲመለስም ከልኩ ያልፍና እንደገና ያዘነብላል። መንገዳገድ የዚህ ምልልስ ስም ነው። ማዘንበል ብቻውን መንገዳገድ አይደለም፤ ተመላሽ የሌለው ማዘንበል መውደቅ ነውና። ስለዚህ በግሱ ውስጥ ሁልጊዜ ያልወደቀ፣ ላለመውደቅም የሚታገል አካል አለ። የወደቀን ሰው «ይንገዳገዳል» ብሎ የሚናገር የለም፤ ተነሥቶ በእግሩ ሲቆም ነው ግሱ እንደገና የሚመለስለት። አሉታው ደግሞ ምስጋና ይሆናል፤ «ሳይንገዳገድ ተሻገረ» ሲባል ሰውየው እንደተሻገረ ብቻ ሳይሆን መሻገሪያው የሚያንገዳግድ እንደነበረም ይሰማል።

የግሱ ልክ በደንብ የሚታየው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆም ነው፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ለዚህ ከክረምት የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ከቢቸና እስከ ደጀን ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና እግር ይይዛል። በዚህ ጭቃ ላይ የሚሄድ ሰው የሚያጋጥመውን ሁሉ በአንድ ግስ የሚጠራ ባላገር አላውቅም። እግሩ ድጥ ላይ ሲሸሽበት «አዳለጠው» ይባላል። ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመታው «ተደናቀፈ» ወይም «እንቅፋት መታው» ይባላል። እግሩ ገብቶ ሲቀር ማጥ ያዘው ይባላል፤ «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለውም ሁለቱ የተለያዩ መከራዎች ስለሆኑ ነው። እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው ከመሬቱ ነው፤ አንድ ጊዜም ደርሰው ያበቃሉ። «ተንገዳገደ» ግን ከነዚህ ከማናቸውም በኋላ ሊመጣ የሚችል የአካል መልስ ነው፤ ስለዚህ «አዳልጦት ተንገዳገደና ዱላውን ተክሎ ቆመ» ስንል ምክንያቱን፣ ትግሉንና ፍጻሜውን በሦስት ግሶች ለይተን ተናግረናል። ከሦስቱ አንዱን ብናወጣ ምስሉ ይጎድላል።

«ተፍገመገመ» ከሁሉም ይቀርበዋል፤ ብዙ ሰዎችም አንዱን በሌላው ቦታ ያስገቡታል። እኔ ግን እንዲለዩ እወዳለሁ። «ፍግም አለ» በፊት መደፋት ነው፤ ስለዚህ «ተፍገመገመ» አቅጣጫው ወደ ፊት የሆነ፣ ጭነት ወይም ድካም ከኋላ የሚገፋው ሰው ነው። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ጉልበቷ ሲዝል ትፍገመገማለች፤ ሚዛኗ ግራና ቀኝ ካልተናወጠ በቀር ተንገዳገደች ማለት አይመቸኝም። «ተብረከረከ» ደግሞ የጉልበት ነው፤ ቆሞም፣ ተቀምጦ ሊነሣ ሲልም፣ በፍርሃትም ሆነ በትኩሳት ሰው ይብረከረካል፤ ለመብረክረክ መራመድ አያስፈልግም።

«አነከሰ» እና «ተወላገደ» የሚሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ያነከሰ ሰው እርምጃው እኩል ባይሆንም ምቱ አይለዋወጥም፤ አንዱን እግር ከባድ፣ ሌላውን ቀላል አድርጎ ሩቅ አገር ሊሄድ ይችላል፣ የሚቀጥለው እርምጃውም የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ወልጋዳ እግር ያለውም ቅርጹ የተጣመመ እንጂ ሚዛኑ የጠፋ አይደለም። አንካሳን «ተንገዳጋጅ» ማለት የቃል ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሰውየውን መበደልም ነው፤ በሚዛን የሚሄደውን ሚዛን የሌለው አድርጎ ይናገርበታልና።

ሕፃን ልጅ ግን ለየት ያለ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ እርምጃውን የሚራመድ ሕፃን አካሉ የሚያደርገውን ነገር ብቻ ብንመለከት ከመንገዳገድ የሚለየው የለም፤ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያዘነብላል። እናቲቱ ግን «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» ትለዋለች፣ ሲራመድ «ድክ ድክ አለ» ትላለች፣ እጁን ይዛ ዳዴ ታሰኘዋለች፤ «ልጄ ተንገዳገደ» ያለች እናት ብትኖር ጎረቤት ደንግጦ ምን ነካው ብሎ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። መንገዳገድ ቀድሞ የነበረ መቆምን ያስባል፤ ሕፃኑ ደግሞ ገና ወደ መቆም እየመጣ ነው እንጂ ከመቆም እየወጣ አይደለም። በተወለደበት ዕለት ለመቆም የሚታገለውን ጥጃ ግን እረኛው ያለ አንዳች ማመንታት «ይንገዳገዳል» ይለዋል፤ ጥጃውም ገና ወደ መቆም እየመጣ ቢሆንም ለእሱ ድክ ድክ የሚል የሚያባብል ቃል ስላልተዘጋጀለት ነው።

ለዕቃና ለመሣሪያ ግሱን ማዋስ የሚቻል ቢሆንም ሌሎች ግሶች አሉና አያስቸግርም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ባለው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ላይ ድልድዩ ይወዛወዛል፣ የሚሻገረው ሰው ይንገዳገዳል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ትዋልላለች፣ ውስጧ ለመቆም የሞከረ ሰው ይንገዳገዳል። አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር «ይነቃነቃል» ቢባል ይበቃዋል።

ስለ ግሱ አሠራር ጥቂት ልበል። «ተንገዳገደ» በአማርኛ ውስጥ በ«ተን» ከሚጀምሩና አድራጊያቸው በ«አን» ከሚወጣ ግሶች ወገን ነው፤ ተንቀጠቀጠ አንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ አንከባለለ፣ ተንሸራተተ አንሸራተተ፣ ተንገዳገደ አንገዳገደ። የዚህ ወገን ግሶች በብዛት የሚናገሩት ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ድምፅና ስለ ብርሃን ነው፤ ተንሳፈፈ፣ ተንጎራደደ፣ ተንከራተተ፣ አንኮራፋ፣ አንጎራጎረ፣ አንጸባረቀ የሚሉትን ያስቡ። ብዙዎቹ ፊደላቸውን ይደግማሉ፤ የተደገመው ፊደልም የተደገመውን ድርጊት ያሰማል። «ገዳ» ብሎ ወደ አንድ ወገን፣ «ገደ» ብሎ ወደ ሌላው ወገን የሚሄድ የሚመስለውን ይህን ግስ ቀስ ብሎ የሚናገረው ሰው በአፉ ውስጥ ሁለት እርምጃ ይሰማዋል። «ተንገደገደ» የሚለው ቅርጽም በጽሑፍ ይገኛል፤ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ «ዳ» ያለበት ቅርጽ ምልልሱን ይበልጥ ስለሚያሰማኝ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ተማሪዎች ከሚጠይቁኝ ጥያቄ አንዱ ከ«ግድግዳ» ጋር ያለው ግንኙነት ነው። «ገደገደ» ማለት ለቤት የሚሆነውን እንጨት አቁሞ በመሬት መትከል ነው፤ ግድግዳ የሚባለውም ከዚያ የተነሣ ነው፤ ጭቃውና ጭዱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የቆመውን እንጨት የሚናገር ግስና መቆም ያቃተውን ሰው የሚናገር ግስ በፊደል አንድ ሆነው መገኘታቸው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም ደስ ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። «ቀጠቀጠ» ብረት መምታት ነው፣ «ተንቀጠቀጠ» በብርድ ወይም በፍርሃት መራድ ነው፤ ፊደላቸው አንድ ሲሆን ትርጉማቸው ተራርቋል። በፊደል መመሳሰል ብቻ ዝምድና ማወጅ በቃላት ጥናት ውስጥ በቀላሉ የሚያስት ልማድ ስለሆነ ተማሪዎቼን ከዚህ እከለክላለሁ።

ቅኔ ግን የፊደል መመሳሰልን የሚከለክል ሳይሆን የሚፈልግ ጥበብ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ በነዚህ ጉባኤዎች ተማሪው ጉባኤ ቃና የተባለውን የመጀመሪያ የቅኔ ዓይነት ከመቁጠሩ በፊት ግስ ይገሥሣል፣ የእያንዳንዱን ግስ እርባታና ፍቺ በቃሉ ያጠናል። ቅኔው በግዕዝ ቢሆንም የዚያ ትምህርት ጠባይ ወደ አማርኛ ግጥማችንም ወርዷል፤ ቃልን ሰንጥቆ ሁለተኛውን ቃል ማውጣት፣ ኅብር የሚባለው፣ በአገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ዛሬም የጨዋታ ጨው ነው። «መንገዳገዱ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አንድ ሆኖ ሲነበብ የአንድ ሰው መንገዳገድ ነው፤ ተሰንጥቆ ሲነበብ «መንገድ አገዱ» ይሆናል። ይህንን ለማሳየት ሁለት ስንኝ ቋጥሬያለሁ፦

እሱስ ሊመጣ ነበር ማለዳ ተነሥቶ፤
መንገዳገዱ እንጂ መቼ ቀረ ተኝቶ።

በሰሙ ሰውየው የቀረው መንገዳገዱ ስላስቀረው ነው፤ ሰሚው ስካር ወይም ሕመም ያስባል። በወርቁ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ለመምጣትም ተነሥቶ ነበር፤ ሌሎች ናቸው መንገድ የዘጉበት። ስንኙ ሁለቱንም እኩል የሚሸከመው በግሱ ጠባይ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሰሙም በወርቁም ያለው ሰው ለመሄድ የሚፈልግ፣ ያልተኛ ሰው ነው። «መውደቁ» ብል ኖሮ ቃሉ አይሰነጠቅም፣ ሰውየውም ለመምጣት መነሣቱ ይቀር ነበር።

ከሰው ፊት ሲነገር ግሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠጥ ቤትና ሰርግ ቤት ደጋግመው ስለተጠቀሙበት ብዙ ሰው «ተንገዳገደ» ሲሰማ የሚያስበው ጠላና አረቄ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ምሳሌ ይናገራል፤ በግዕዙ አቆጣጠር 106ኛው መዝሙር በማዕበል የተመቱትን መርከበኞች በሰካራም መስሎ ያቀርባቸዋል፣ ኢሳይያስም በ24ኛው ምዕራፍ ስለ ምድር ሲናገር ያንኑ ምሳሌ ይጠቀማል። በዚህ የተነሣ ጨዋ ሰው ስለ አረጋዊ አባት ወይም እናት «ይንገዳገዳሉ» ብሎ አይናገርም። «እግራቸው ከድቷቸዋል»፣ «ደከም ብለዋል» ይላል፤ ለቅርብ ሰው ደግሞ «ደገፍ አድርጋቸው» ይላል፣ ግሱንም ጨርሶ ይተወዋል። ሽማግሌው ራሳቸው ግን «ዛሬስ አንገዳገደኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ ለራስ ሲነገር ነውር የለበትም።

ይህ የአክብሮት ልማድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግሱን የመጠጥ ብቻ አድርጎ የሚያስቀር ከሆነ ጉዳት አለው። ወደዚህ ጉዳት እመለሳለሁ፤ በፊት ግን ስለ ጋዜጣ አማርኛ አንድ ነገር ልናገር። ገበያ፣ ድርጅት፣ ትዳር፣ መንግሥት ሁሉ ይንገዳገዳሉ ይባላል፤ ይህ አነጋገር ቆንጆ ነው፣ በልኩ ሲነገርም ብዙ ይናገራል። ልኩ ነገሩ አሁንም መቆሙ ነው። ድርጅቱ ሥራውን ካቆመና በሩን ከዘጋ በኋላ «እየተንገዳገደ የሚገኘው ድርጅት» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ የሌለ ተስፋ መስጠት ነው፤ ትንሽ ኪሳራ የገጠመውን «ተንገዳገደ» ማለትም የሌለ ምልልስ መፍጠር ነው። አንድ ጊዜ የቀነሰ ቀነሰ ይባል፤ ቀንሶ፣ አንሰራርቶ፣ እንደገና የቀነሰው ነው የተንገዳገደው።

አሁን ወደ ጤና ጉዳይ ልምጣ፤ ይህ ግስ ከሁሉ በላይ በትክክል ሊሰማ የሚገባው እዚያ ነውና። በጤና ጣቢያ ፊት የሚቀርብ ባላገር «ያዞረኛል»፣ «ያንገዳግደኛል»፣ «ያብረከርከኛል»፣ «ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል» ሲል አራት የተለያዩ ነገሮችን እየተናገረ ነው። «ያዞረኛል» የሚለው ቤቱ ወይም ራሱ ሲሽከረከር ይታየዋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጆሮ ጋር የተያያዘ ነው። ዓይኑን ጭልም የሚያደርገው ሰው ራሱን ሊስት የተቃረበ፣ ምናልባትም ከተቀመጠበት ሲነሣ የደም ግፊቱ የሚወርድበት ነው። «ያብረከርከኛል» የሚለው ድካምን ወይም የጉልበት ማጣትን ይናገራል። «ያንገዳግደኛል» የሚለው ግን ምንም ሳይሽከረከርበት፣ ዓይኑም ሳይጨልም፣ ሲራመድ ብቻ ሚዛኑ የሚጠፋበት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች በትምህርታቸው የሚለዩትን ይህንን ነገር አማርኛ በአራት ግሶች ለይቶ አስቀምጦታል፤ ሁሉም «ራስ ማዞር» ተብሎ በአንድ ስም ሲጻፍ ግን ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ከሦስት ወገን ወሬ እየደረሰው ነው፤ ከዓይኑ፣ ከውስጥ ጆሮው፣ እንዲሁም ከእግሩ መዳፍና ከመገጣጠሚያው። ይህንን ወሬ ከእርምጃው ጋር የሚያስማማው በራስ ቅል ኋላ ዝቅ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል ነው፤ መጠጥ የሚያንገዳግደውም ይህንን ክፍል ስለሚያውከው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ስለዚህ የስኳር ሕመም የእግሩን ስሜት የቀነሰበት ሰው ቀን ቀን ደህና ሄዶ ማታ መብራት በሌለበት ግቢ ሲወጣ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ሲሸፍንለት የነበረው ጎደሎ በጨለማ ይገለጣል። በዚህ ሰው ላይ «ጠጥቶ ነው» የሚል ጎረቤት የሚያደርሰው በደል ቀላል አይደለም። ከሁሉም የሚያስፈራው በድንገት የሚመጣው ነው። አንድ ሰው ሳይታሰብ መንገዳገድ ቢጀምር፣ ከዚያም ጋር ፊቱ ወደ አንድ ወገን ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። «ትንሽ ቀምሶ ነው፣ ተኝቶ ይነሣል» ተብሎ የሚታለፈው ሰዓት የማይመለስ ሰዓት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ይህ ግስ የማይመለከተው አንድ የአካባቢያችን ሕመም አለ፤ እሱም የጓያ ሽባነት ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ስለሚተርፍ፣ በጥቁር አፈር ላይ በተረፈው እርጥበት ብቻ ስለሚበቅል በክፉ ቀን የድሃ ቤት ብቸኛ ምግብ ይሆናል። ጥቂት ተበልቶ አይጎዳም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በሽታው ጎጃምንና ጎንደርን ጨምሮ በሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ተጠንቷል፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። ብዙ ሰው ከድስቱ እንፋሎት ወይም በማሳው ውስጥ ከማለፍ የሚመጣ ይመስለዋል፤ መርዙ ግን የሚገባው በመብላት ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ ጉዳቱን ይቀንሳል። ጓያ ያሽመደመደው ሰው እግሮቹ ይገተራሉ፣ ጉልበቶቹ ይቆላለፋሉ፣ በጣቱ እየረገጠ በአንድ ወይም በሁለት ዱላ ይሄዳል። ይህ ሰው አይንገዳገድም። ጡንቻው ግትር ሆኖ ነው እንጂ ሚዛኑ ምልልስ ይዞት አይደለም፤ የሚያየው ሁሉ ግን «እየተንገዳገደ መጣ» ብሎ ለጤና ባለሙያው ቢነግር ፍለጋው ከጓያ ይልቅ ወደ ጆሮና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

በየቀበሌው ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የምመኘው የታማሚውን ግስ እንደተናገረው እንዲጽፉት ነው። ጠያቂዋ «ያዞርዎታል ወይስ ያንገዳግድዎታል?» ብላ ብትጀምር፣ ቀጥላም በጨለማ ይብስ እንደሆነ፣ በድንገት የመጣ ወይም ቀስ በቀስ የጀመረ እንደሆነ፣ በመንፈቁ ውስጥ ቤቱ ምን ሲበላ እንደከረመ ብትጠይቅ፣ ታማሚው ለእያንዳንዱ የሚመልሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ቃል ነው።